ከሳጉሬ አብሮኝ የተነሳው

ወዳጄ፣ ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገርህ፣ እኔ በጋኔን፣ በዛር፣ መንገድ ላይ ያጋጥማል በሚባል ምናምን አምኜ የማውቅ ሰው አይደለሁም። እናቴ ማታ ውሃ ወደ ውጭ ስንደፋ "በስመ አብ በሉ" ስትለን የምስቅባት እኔ ነኝ፣ ሹፌሮች ሻይ ቤት ተሰብስበው "እዚያ ኩርባ ላይ ነጭ የለበሰች ሴት እጇን ዘረጋችልኝ" ሲሉ "ጫቱን ቀነስ አድርገው" እያልኩ የማበሽቃቸውም እኔው ነኝ። ዛሬ ማንንም አላበሽቅም። ይሄን የማወራህ እንድታምነኝ ብዬ አይደለም፣ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምንም ነበር፣ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ ስለከረመ ነው።

መንጃ ፈቃዴን ለከባድ መኪና ካሻሻልኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ተወልጄ ያደግኩት አሰላ ነው፣ በሰው አይሱዙ ከሳጉሬና ከበቆጂ ገብስ፣ ስንዴና ድንች እየጫንኩ አሰላ አራግፋለሁ፣ ሲመሽ ቤቴ እገባለሁ። ስራው ጣጣ አለው፣ ወደ ገበሬው ማሳ የሚያስገባው መንገድ ጭቃ ነው፣ ክረምት ሲመጣ ጭነት ይጠፋል፣ ከጫኝና አውራጅ ጋር ስትጨቃጨቅ ትውላለህ፣ ግን እራቴን ከሚስቴ ከሰናይት ጋር እበላለሁ፣ ልጃችንም ያኔ ግድግዳ ይዞ መቆም እየጀመረ ነበር፣ ሲወድቅ ራሱ ይስቃል። ታዲያ እንዲህ ባለሁበት አንድ የተሳቢ ባለቤት ለጅቡቲ መስመር ሁለተኛ ሹፌር እንደሚፈልግ ነገረኝ። ለአዲስ ሹፌር ይሄ በህልምም አይገኝም፣ ገንዘቡም ክብሩም ሌላ ነው፣ ግን ከሄድክ ሄድክ ነው፣ ቤትህን እንደ እንግዳ ነው የምታየው። ሰናይትን ሳማክራት "ሂድም ቅርም አልልህም፣ ብቻ ልጁ አባቱን የሚያውቀው በስልክ እንዳይሆን" አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልነበረኝም፣ በሐሳቤ አንድ ቀን ሄጃለሁ፣ በማግስቱ ቀርቻለሁ።

የተሳቢው ባለቤት ነገሩን በሙከራ እንጀምረው አለ፣ አንድ ጭነት ስንዴ ከሳጉሬ አዳማ ላደርስ፣ ጋሽ ከድር አብሮኝ ሊሄድና ሊያየኝ። ጋሽ ከድር የመኪናው ዋና ሹፌር ነው፣ ስልሳ የሚጠጋው፣ ብዙ የማያወራ፣ ወጣት የሆነውን ሁሉ በኦሮምኛ "ጉርባ" ብሎ የሚጠራ ሰው። ልጅ ማለቱ ነው። በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

ሐምሌ ውስጥ ነው፣ ሳጉሬ ገበያ ውላለች፣ ሰዉና አህያው ጭቃውን አቡክተውታል። ጭነን ስንጨርስ ቀኑ ተገባዷል። ጋሽ ከድር ሌሊቱን ሲነዳ ስላደረ ዓይኑ ደም መስሏል።

"ጉርባ፣ እኔ ከኋላ ጋደም እላለሁ" አለኝ። "አሰላ እስክትደርስ እንዳትቀሰቅሰኝ። አነዳድህ ከቀሰቀሰኝ ያኔውኑ ወድቀሃል።"

የተሳቢን ጋቢና ገብተህ አይተህ ካላወቅክ፣ ከወንበሩ ኋላ ለሹፌር መተኛ አልጋ አለው፣ በመጋረጃ ይከለላል። ጋሽ ከድር ወደ ጋቢናው ወጥቶ አልጋው ላይ ሲቀመጥ፣ መጋረጃውን ሲስብ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ደግሞ ዝናብ መምጣቱ ስለማይቀር ሸራውን ላጠብቅ ወደ ኋላ ዞርኩ፣ ገመዱ ከእጄ እየተንሸራተተብኝ ትንሽ ቆየሁ። ስመለስ መጋረጃው እንደተዘጋ ነው። እንዳልቀሰቅሰው በሩን እንኳ በቀስታ ነበር የዘጋሁት፣ አስነሳሁና ወጣሁ።

ከከተማዋ ወጣ እንዳልኩ ጉሙ ወረደ። የአርሲን የክረምት ጉም የማታውቅ ከሆነ ምን ብዬ ልንገርህ፣ መብራት ስታበራ ነጭ ግድግዳ ነው የሚያበራልህ፣ የመንገዱን ጠርዝ ፈልገህ እሱን እየተከተልክ ነው የምትሄደው። ገና አልጨለመም ነበር፣ ግን ቀን ነው ለማለትም አይቻልም። መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ እንደ ኤሊ እየሄድኩ ሳለ፣ ከኋላዬ አልጋው ሲጥጥ አለ። ሰው ሲገላበጥ የሚሰማው ድምፅ። ቀጥሎ ጉሮሮ የመጥረግ ድምፅ።

"ጋሽ ከድር፣ ቀሰቀስኩዎት እንዴ?" አልኩ።

"የት ደረስን?" አለኝ።

"ገና ነን፣ ጉሙ ይዞኝ ነው።"

ድምፁ ትንሽ ጎርነን ብሎብኛል፣ ግን ከእንቅልፍ የነቃ ሰው ድምፅ ነው፣ ምን ብዬ ልጠርጥር? ጥቂት ሄድን።

"የት ደረስን፣ ሹፌሬ?"

እመነኝ ወዳጄ፣ "ሹፌሬ" ሲለኝ ደስ ነው ያለኝ። እንደዚያ ያለ አንጋፋ ሰው ሹፌር ብሎ ሲጠራህ አስበው፣ አለፍኩ ማለት ነው ብዬ ልቤ ሞቀ፣ በዚያው ሙቀት አፌ ተከፈተ። የከረመብኝን ሁሉ ዘረገፍኩት። ስለ አይሱዙው፣ ስለ ጅቡቲ፣ ሰናይት ስላለችኝ፣ ልጄ ሲወድቅ ስለሚስቀው ሳቅ፣ ሰፈራችን የቱ ጋ እንደሆነ ሳይቀር አወራሁለት መሰለኝ። እሱ ደግሞ ያዳምጣል፣ ልክ በቦታው "እህ" ይላል፣ "እህ፣ ከዚያስ?"

"እውነቱን ይንገሩኝ ጋሽ ከድር፣ ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?"

"ግባ" አለ። አላሰበበትም። "ግባ፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ እናወራለን። ቤት መጀመሪያ ላይ ነው የሚናፍቅህ። በኋላ እነሱም ይለምዱታል፣ አንተም ትረሳቸዋለህ።"

እንደ ቀልድ ወስጄው ልስቅ ስል ስልኬ ጮኸ። አየሁት። ጋሽ ከድር ይላል።

ተኝቶበት ስልኩ በራሱ የደወለ ነው የመሰለኝ። "ጋሽ ከድር፣ ስልክዎን ተኝተውበታል" እያልኩ አነሳሁት።

"አንተ ጉርባ!" አለኝ ስልኩ ውስጥ። "ምን ነካህ? አስር ሰላቴን ሰግጄ ብወጣ መኪናው የለም! ሳጉሬ መስጊዱ በር ላይ ቆሜ ዝናብ ይመታኛል፣ ጥለኸኝ ትሄዳለህ?"

ከጀርባው "አሰላ! አሰላ! የሞላ!" የሚሉ የሚኒባስ ልጆች ይሰሙኛል። ሸራውን ሳጠብቅ በሌላው በኩል ወርዶ ሄዶ ኖሯል። አንገቴ ላይ ያለው ፀጉር አንድ በአንድ ሲቆም ተሰማኝ።

"ማነው የደወለው፣ ሹፌሬ?" አለ ከኋላዬ ያለው።

ስልኩ ውስጥ የሚኒባሶቹ ጩኸት አለ፣ የጋሽ ከድር ትንፋሽ ግን ጠፋ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ጉርባ... ያ የሚያወራው ማነው?" አለኝ።

ይሄን ልብ በልልኝ። እሱም ሰምቶታል። ደክሞት ነው፣ ፈርቶ ነው እንዳትለኝ።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ እርስዎ መስለውኝ..."

"ስማ። እንዳትቆም። በዚህ ጉም መሀል መንገድ ብትቆም የሚመጣው መኪና ይሰካብሃል። ቀስ ብለህ ንዳ። ካሁን በኋላ ቢጠይቅህ አትመልስ። ወደ ኋላ አትዙር። ቢስሚላሂ..." አለና መስመሩ ተቋረጠ። ብደውል፣ ብደውል አይሰራም።

እንግዲህ አስበው፣ ከኋላዬ በስንዴ የተሞላ ተሳቢ፣ ከፊቴ ነጭ ግድግዳ፣ ከአንገቴ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ደግሞ ያ ነገር። መዝለል አልችልም፣ መቆም አልችልም። እናቴ የምትለውን፣ የሳቅኩበትን ሁሉ ልል ሞከርኩ፣ ከመጀመሪያው ቃል አላለፍኩም።

"የት ደረስን?"

ዝም።

"ሹፌሬ፣ የት ደረስን?"

የመጋረጃው ቀለበት ብረቱ ላይ ሲንሸራተት ሰማሁ። ሸርተት አለ፣ ቆመ። ደግሞ ሸርተት አለ። የወንበሬ መደገፊያ ሰው እንደተደገፈው ወደ ኋላ ተለጠጠ፣ ጆሮዬ ስር ቀዝቃዛ ነገር ተነፈሰብኝ፣ ሽታው እንደረጠበ ገለባ ነው። ዓይኔን ከመንገዱ ጠርዝ አላነሳሁም። ስፖኪዮ እንኳ ለማየት አልደፈርኩም። ታዲያ በጣም ያስፈራኝ ምን መሰለህ፣ አለመቆጣቱ ነው። ድምፁ ሰለለ፣ እንደ ተቀየመ ሽማግሌ ሆነ።

"አሁን ምን አደረግኩህ?" አለኝ። "ስታጫውተኝ አልነበር? ይሄን ሁሉ መንገድ ዝም ተባብሎ ይኬዳል?"

ያን ጊዜ ልመልስለት ምንም አልቀረኝም። ውሸት አልነግርህም፣ አሳዘነኝ። ምላሴን ነክሼ ያዝኩት፣ ደም ደም አለኝ።

ምን ያህል እንደነዳሁ አላውቅም። የአሰላ መግቢያ ላይ የሱቆቹ መብራት በጉሙ ውስጥ ቢጫ ቢጫ ሲል አለቀስኩ። ነዳጅ ማደያ ውስጥ ገባሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ በሩን በርግጄ ዘለልኩ፣ ጭቃው ላይ በጉልበቴ ወደቅኩ። የማደያው ጥበቃ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ናቸው፣ ዱላቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ።

"ማል ታቴ? ምን ሆንክ ልጄ?" አሉኝ።

"ጋቢናው ውስጥ... ከኋላ አልጋው ላይ... እባክዎ ይዩልኝ" አልኳቸው።

ወጥተው በባትሪ አዩ። መጋረጃው እስከ ጥጉ ተስቦ ተከፍቷል፣ ብርድ ልብሱ ተጣጥፏል፣ ሰው የለም። ወረዱና ዙሪያውን ቃኙ፣ በዚያኛው በኩል ያለውን በር ከፍተው ዘጉ፣ እኔን ትክ ብለው አዩኝ።

"ሰው የለም" አሉ። "ያኛውስ ወዴት ሄደ?"

"የቱ?"

"አብሮህ የገባው ነዋ። አጠገብህ ተቀምጦ አልነበር? ወዳንተ ዞሮ ሲያይህ ነበር።"

ወዳጄ፣ መንገዱን ሙሉ ወደ ቀኝ አልዞርኩም። አንድም ጊዜ።

ጋሽ ከድር በሚኒባስ ደረሰ፣ ልብሱ በስብሷል። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፣ አልተቆጣም። አጠገቤ ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ እያሸ ቆየ።

"እርስዎ ያውቁታል?" አልኩት።

"ቀድመህ አውርተኸው ነበር?" አለኝ።

"ብዙ ጋሼ። እርስዎ መስለውኝ ስለ ቤቴ፣ ስለ ልጄ..."

"የልጁን ስም ነገርከው?"

አሰብኩ። ጉሙ፣ መንገዱ፣ "እህ፣ ከዚያስ?" የሚለው ድምፅ፣ ሁሉም ይታወሰኛል። ይሄኛው ግን አልመጣልኝም።

"አላስታውስም" አልኩት።

ጋሽ ከድር ተነሳ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፣ መኪናውን ራሱ ይዞ ወደ አዳማ ወረደ። ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ደውዬለታለሁ፣ ስለ ጤናዬ ይጠይቀኛል፣ ስለ ልጁ ይጠይቀኛል፣ ስለዚያ ቀን ሳነሳ "ተወው ጉርባ" ይለኛል። መኪናው አሁንም በመስመሩ ላይ ነው፣ አልፎ አልፎ አሰላን ሲያቋርጥ አየዋለሁ፣ እኔ ፊቴን አዞራለሁ።

ጅቡቲውን ተውኩት። ሰናይት ለእሷና ለልጁ ብዬ የቀረሁ መስሏት ደስ ብሏታል፣ እኔም አላስተባበልኩም። በዚያው በሰው አይሱዙ ገብስና ድንች እጭናለሁ፣ ጉም ከወረደ ሳጉሬም ቢሆን አድራለሁ እንጂ አልነሳም። ማታ ማታ ያን ወሬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በልቤ እደግመዋለሁ፣ ምን አልኩ፣ ምን አለኝ፣ ከዚያስ ምን አልኩ፣ መሃል ላይ አንድ ቦታ ሁልጊዜ ይጠፋብኛል።

ልጁ አሁን ደህና አድርጎ ይሮጣል። እኔ ግን በስሙ መጥራት ትቻለሁ፣ ያኔ ካልነገርኩት አሁን ከአፌ እንዳይሰማው፣ ማሙሽ ነው የምለው፣ ግቢ ውስጥም ሆነ ጎረቤት ፊት። ሰናይት "ስም ወጥቶለታል እኮ፣ ምን ሆነሃል?" ትለኛለች።

አውቃለሁ እላታለሁ።