የአያ ካሤ ማውጫ

አያ ካሤ በጀርባው ተንጋሎ የተገኘው በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከአሮጌው ኮምፒውተሩ ሥር ነው። ማጅራቱን የመታው የስታብላይዘሩ የብረት ጠርዝ ነበር፤ ደሙ ወለሉ ላይ ደርቋል። ሰቆጣ ሬሳ አይታ የማታውቅ ከተማ አይደለችም። የሰው የሰርግ ካርድ ሲጽፍ የኖረ ሽማግሌ በገዛ ክፍሉ ሲሞት ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሰው ሁሉ ጎረቤቱን በጎን ማየት ጀመረ።

ኢንስፔክተር ማንጠግቦሽ በሩን የከበበውን ሰው በክንዷ ገፋ ገፋ አድርጋ ገባች። ጡረታዋ የደረሰ፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ዓይኗ ግን ያልደከመ ፖሊስ ናት። የሟቹን ሸሚዝ አንገትጌ አየችው፤ ተቀዷል፣ ቁልፉም ተበጥሷል።

«ራሱ ቢወድቅ አንገትጌውን ማን ቀደደው?» አለች።

ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ከላዩ አንዲት ነጭ የእንግሊዝኛ መስመር ብቻ አለችበት። አብሯት የመጣው ኮንስታብል ሊያጠፋው እጁን ዘረጋ።

«ተው። የምትነካው ነገር ሲኖር እኔ እነግርሃለሁ።»

ያ ኮምፒውተር እንደ ሽማግሌ ጥርስ የወየበ፣ ሲነሳ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ነው። አዲስ ግዛ ሲሉት አያ ካሤ «ፊደሎቼ አዲሱ ውስጥ አይገቡም» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ጌጠኛ ፊደላቱን በእጁ የሠራው እዚያው ውስጥ ነው። ሲከፈት ማውጫ ይመጣል፤ በሰማያዊ ላይ ቢጫ ሆኖ፣ የሰርግ ካርድ፣ የእድር ጥሪ፣ የሙት ዓመት እያለ ሥራውን ይደረድራል። አንዱን መርጠው ሲጫኑት ይከፈታል። በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ያ ቢጫ ማውጫ በመስኮቱ ሲያበራ ማየት ለምዷል።

ሬሳውን ያገኘችው አብራው የምትሠራው ያስሚን ናት። በሩ ሲሳብ በራሱ የሚቆለፍ ነው፤ ከውጭ የሚከፍተው ቁልፍ ደግሞ ከሟቹ ሌላ እሷ እጅ ብቻ አለ። በዚያ ላይ ደሞዝ የሚባል ወጣት መጥቶ ቃሉን ሲሰጥ ልጅቱ ታሰረች።

ደሞዝ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ሰርጉ ደርሶ ድንኳኑ እየተተከለለት ነበር።

«አያ ካሤን መጨረሻ ያየሃቸው መቼ ነው?» አለችው ማንጠግቦሽ።

«ሄዶ የነበረው መብራት ከመጣ በኋላ። ወደ መናኸሪያ ስወርድ በመስኮቱ አየኋቸው።»

«ምን ሲያደርጉ?»

«ሥራ ላይ ናቸው። ያ ቢጫው ማውጫ በርቶ፣ እሳቸው ከፊቱ አጎንብሰው። ሥራ አላስፈታ ብዬ አለፍኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከወልዲያ የመጣችውን አክስቴን ተቀበልኩ። መናኸሪያ የነበረ ሰው ሁሉ አይቶኛል፣ ይጠይቁ።»

ጠየቀች፤ እውነት ሆኖ አገኘችው። እንግዲህ መብራት ከመጣ በኋላ ሽማግሌው በሕይወት ከነበረ፣ ከዚያ ወዲህ በሩን ከፍታ የገባች ያስሚን ብቻ ናት። ከተማው ፍርዱን ጨረሰ። የሟቹ እህት እማማ ወለተ ገብርኤል ለቅሶው መሃል ቆመው «በእጁ ያበላት ልጅ በላችው» ብለው ረገሟት፤ ሰው ሁሉ አሜን አለ።

ማንጠግቦሽ አሜን አላለችም። ወደ ፖሊስ ጣቢያው ማረፊያ ክፍል ሄዳ ያስሚን ፊት በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«መብራት ሲሄድ ምን አደረግሽ?»

«ሥራ የለ፤ አያ ካሤ ጋደም ልበል አሉ። በሩን ስቤ ወጣሁ። እናቴ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች፣ እሷ ጋ ነበርኩ። መብራት መጣ ሲባል ዕቃዋን አሰባስቤላት ተመለስኩ።»

«ከሽማግሌው ጋር ትጣሉ ነበር ይባላል።»

«በየቀኑ። እኔ ኮምፒውተሩን በአዲስ እንለውጠው እላለሁ፤ እሳቸው አንቺን ነው በአዲስ የምለውጥ ይላሉ።»

«የታሰረ ሰው እንዲህ አይቀልድም።»

«አልቀለድኩም» አለች ያስሚን። «አባት የለኝም፣ ኢንስፔክተር። ነገ ዓቃቤ ሕግ ጋ ከላኩኝ የኔ ብቻ አይደለም፣ የእናቴም ነገር አበቃ። ከነፍሰ ገዳይ እናት በርበሬ የሚገዛ ማን አለ?»

ማንጠግቦሽ ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች። «መጨረሻ የያዛችሁት ሥራ ምን ነበር?»

«የደሞዝ የሰርግ ካርድ። የሙሽራይቱን አባት ስም እስከ አያት ሳነብላቸው እጃቸውን ከመጻፊያው አነሱ። ‹ይሄን ተዪው፤ ከልጁ ጋር እኔው እነጋገራለሁ› አሉ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም።»

«ስክሪኑ ላይ የነበረችው ነጭ መስመርስ?»

«እሷማ አመሉ ናት። የውስጥ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ማብሪያው እንደተጫነ ስለሚቀር መብራት ሄዶ ሲመጣ በራሱ ይነሳል፤ ግን ‹ባትሪ የለኝም፣ አንዱን ፊደል ንኩልኝ› ብሎ ይቆማል። ሰው ካልነካው እስከ ነገም እዚያው ነው። ሲነኩት ነው ማውጫው የሚመጣ።»

ማንጠግቦሽ ወደ ፊት ዘንበል አለች። «ሌላ ምን አመል አለው?»

«ማውጫው ብቻውን ከተተወ ያንቀላፋል። ያኔ ስክሪኑ ጭልም ይላል፣ ጽሑፍ የሚባል የለበትም። ሲነኩት መጀመሪያ ይነቃል፤ መልሰው ሲነኩት ነው የሚታዘዝ። አያ ካሤ ‹እንደኔው ነው፣ ሁለቴ ካልጠሩት አይሰማም› ይሉ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ወደ አያ ካሤ ክፍል ተመልሳ ኮምፒውተሩን ከሶኬቱ ነቀለችው፤ መልሳ ሰካችው። አጓራ፣ አቃሰተ፣ ከዚያ ያቺን ነጭ መስመር ጽፎ ዝም አለ። ተቀምጣ ጠበቀችው፤ እሱም ጠበቃት። ግትርነት ያላት እሷ ብቻ እንዳልሆነች አየች። ኋላ አንዱን ፊደል ስትነካ ቢጫው ማውጫ ከተፍ አለ። ማውጫውንም ትታው ቆየች፤ ስክሪኑ ጭልም አለ፣ ያስሚን እንዳለችው አንዲት ጽሑፍ አልቀረበትም።

ቀጥላ ጎረቤቱ ነስረዲን ሱቅ ገባች። ክፍሉን ያከራየው እሱ ነው።

«አያ ካሤን ከክፍሉ ሊያስወጡ ይፈልጉ ነበር አሉ።»

«ቤቱ የኔ ነው፤ ሱቄን ላሰፋ ፈለግሁ፣ እሳቸው እምቢ አሉ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የለን፤ ሳንኳኳ እንኳ አይከፍቱልኝም። ለዚህ ሰው ይገደላል?»

«ከዚህ ባነሰም ተገድሏል። ያስሚን በሩን ስትከፍት የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ደጃፌ ላይ።»

«ከገባች በኋላ ቆይታ ነው የጮኸች?»

ነስረዲን ሚዛኑን መወልወል ጀመረ። የተወለወለ ሚዛን ነበር።

«አልገባችም» አለ በመጨረሻ። «አንድ እግሯ ደፉ ላይ እያለ ነው የጮኸችው። ቀድሜ የገባሁ እኔ ነኝ። ደማቸው ደርቆ ነበር። ስክሪኑም ጥቁር ነበር፣ አንዲት ነጭ መስመር ያለችበት።»

«ይህን እያወቁ ልጅቱ ስትታሰር ዝም አሉ?»

«ጠበኛቸው እኔ ነበርኩ፤ እሷን ሲለቁ ማንን ሊይዙ ነው?»

ማንጠግቦሽ ከስድብ የከፋ አስተያየት አየችው። ከዚያ ወጥታ ማዶ ያለውን ወፍጮ ቤት ጠየቀች፣ ድንኳን ተካዮቹን ጠየቀች፣ መጨረሻ ላይ ለቅሶ ቤት ሄዳ እማማ ወለተ ገብርኤል አጠገብ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ደሞዝና ሙሽራይቱ ይዛመዳሉ?»

አሮጊቷ የልጅቱን አባት ስም ከነአያቱ ሲሰሙ እንባቸውን ጠርገው በጣታቸው መቁጠር ያዙ። አፋቸው በኽምጣንጋ ይንሾካሾካል፤ ዘር የሚቆጥሩት በእናታቸው ቋንቋ ነው።

«የሱ ቅድመ አያትና የሷ ቅድመ አያት ወንድምና እህት ናቸው» አሉ። «አራተኛ ቤት ላይ ይገጥማሉ። ሰባት ቤት ሳይሞላ ማን ያጋባል?»

«ታዲያ እስካሁን ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ? የዛሬ ልጅ በስልክ ይተጫጫል፣ ለእኛ የሚተርፈን እልልታው ነው። ካሤ ግን ይቆጥር ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት ማንጠግቦሽ ሁሉንም አያ ካሤ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ያስሚን በፖሊስ ታጅባ መጣች። ነስረዲን ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤ ባለ ወፍጮው በሩን ሞላው። ለእማማ ወለተ ገብርኤል ወንበር ሰጧቸው፤ ጀርባቸውን ለያስሚን አዙረው ተቀመጡ። ደሞዝ አዲስ ሹራብ ለብሷል።

ኢንስፔክተሯ ኮምፒውተሩን ነቀለች፤ መልሳ ሰካችው። ነጭዋ መስመር መጣች። ሁሉም ጠበቀ፤ መስመሯ አልተንቀሳቀሰችም።

«ደሞዝ፣ መብራት ከመጣ በኋላ ቢጫው ማውጫ በርቶ አየሁ አላልክም?»

«ብያለሁ።»

«ማውጫው እንዲመጣ ሰው መንካት አለበት። ሬሳው ሲገኝ ግን ስክሪኑ ላይ የነበረችው ይህች መስመር ናት፤ እኔም አይቻታለሁ፣ ከኔ በፊት ነስረዲን አይተዋታል። መብራት ከመጣ ወዲህ ያንን ኮምፒውተር የነካ እጅ የለም ማለት ነው። አንተ በየቀኑ የምታየውን ተናገርክ፤ የዚያን ቀን ግን አልነበረም።»

ደሞዝ ትከሻውን ነቀነቀ። «ማሽን እንደሆነ ያንቀላፋል። ጥቁር ሲሆን አይቼው አውቃለሁ።»

«ማውጫው ሲያንቀላፋ መስመር የለውም። ትናንት ቁጭ ብዬ ጠብቄ አይቻለሁ።»

«እንግዲያስ መብራቱ እንደገና ጠፍቶ መጥቶ ይሆናል።»

ማንጠግቦሽ ወደ በሩ ዞረች። «መብራት ከመጣ በኋላ ወፍጮህ ቆሞ ነበር?»

«የገበያ ቀን እኮ ነው» አለ ባለ ወፍጮው። «እስኪመሽ አልቆመም። መብራት ዓይኑን ቢጨፍን እንኳ ድንጋዩ ይነግረኛል። እኔና እሳቸው ደግሞ አንድ የመብራት መስመር ላይ ነን።»

«ያስሚን ነቅላ ልትሰካው ትችል ነበር» አለ ደሞዝ፤ ድምፁ ግን ቀጥኗል።

«ያስሚን ከደፉ ሳታልፍ ጮኸች። ነስረዲን፣ ይናገሩ።»

ነስረዲን ወለል ወለሉን እያየ የትናንቱን ደገመ። ያስሚን ቀና ብላ አየችው።

«አሁን አስቡት» አለች ማንጠግቦሽ። «የደረቀው ደም የሚለን ካሤ የሞቱት ቀደም ብሎ፣ መብራት ሳይመጣ ነው። ያኔ ያስሚን ገበያ መሃል፣ እናቷ ዘንቢል አጠገብ ነበረች፤ በርበሬ የገዛ ሁሉ አይቷታል። ገዳዩ ቁልፍ አላስፈለገውም። ሲገባ ካሤ ከፈቱለት፤ ሲወጣ በሩን ሳበው። ለነስረዲን አይከፍቱም ነበር። ካርዱን ሊወስድ ለመጣ ሙሽራ ግን ይከፍታሉ። ድንኳን ተካዮቹ ‹መብራት በጠፋበት ካርዱን ላምጣ ብሎ ትቶን ሄደ› ብለውኛል። ካርዱ ደግሞ አልተሠራም፤ ካሤ ዘር ቆጥረው ነበር። የሞተን ሰው በሕይወት አየሁ ማለት የሚጠቅመው ማንን ነው? መናኸሪያ ላይ ምስክር ያለውን ነው።»

ደሞዝ የሹራቡን እጅጌ ይስብ ጀመር።

«ድንኳን ተተክሎ፣ ጠላው ተጠምቆ» አለ፤ «‹ዘር ናችሁ፣ ለሽማግሌዎቹ እናገራለሁ› አሉኝ። ለመንኳቸው። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። አንገታቸውን የያዝኩት ዝም እንዲሉልኝ ነው። ሲመነጭቁኝ ለቀቅኳቸው፣ ወደቁ።»

«ሰው ሲወድቅ ጎረቤት ይጠራል» አለች ማንጠግቦሽ። «አንተ በሩን ስበህ ወጣህ። እሱም አልበቃ ብሎህ፣ ይህችን ልጅ በሳቸው ደም ሸጥካት። ተነስ።»

ኮንስታብሉ ወሰደው። ማንጠግቦሽ ወደ ያስሚን ዞረች። «ሂጂ ወደ እናትሽ። በገበያው መሃል እለፊ፤ ሁሉም ይይሽ።»

ያስሚን ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ደጃፉ ላይ ግን እማማ ወለተ ገብርኤል ቀድመዋት ነበር። ማንም ሳያያቸው ተነስተው ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አንስተዋል፤ ከዕድሜያቸው በላይ የሆነ ድንጋይ ነው። በማጅራታቸው ተሸክመው፣ አጎንብሰው፣ መንገዷ ላይ ቆሙ።

«በሰው ፊት ረግሜሻለሁ» አሉ። «በሰው ፊት ማሪኝ።»

ትናንት አሜን ያለው ሰው ሁሉ መንገዱን ሞልቶ ያያል። ድንጋዩ አሮጊቷን ይበልጥ ያጎብጣቸዋል። ነስረዲን «ኧረ አውርጂላቸው፣ ትልቅ ሰው ናቸው» አለ።

«አንተ ዝም በል» አለችው ያስሚን።

ወዲያው አላወረደችላቸውም። ቆማ አየቻቸው፤ ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ያሳለፈችውን ሌሊት የምታስብ ትመስል ነበር። ከዚያ ቀረብ ብላ በሁለት እጇ ድንጋዩን አንስታ መሬት አስቀመጠችው።

«ይማርዎት፣ እማማ» አለች። «አሁን ገበያ ድረስ አብረውኝ ይሂዱ። እናቴ ፊትም ይበሉት።»

አሮጊቷ ክንዷን ያዙ፤ ቁልቁል ወደ ገበያው ወረዱ።