የመብራት ተረኛዋ

ሻምበል ዋቅወያ ጨለለቂ ካለው የሴቶች ኮሌጅ ሲደርስ ሃምሳ አለቃ ተረፋ ምርመራውን ጨርሶ፣ ተጠርጣሪዋንም አስሮ ጠበቀው። ተረፋ ታታሪ ሰው ነው፤ ክፉ አመሉ ቶሎ መጨረሱ ነው።

«እንግዳይቱን የገደላት የከሰል ጭስ ነው ጌታዬ» አለ ተረፋ፣ ከካፖርቱ ላይ ዝናቡን እያራገፈ። «የበረንዳው በር ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር፤ ሰብረን ነው የገባነው። ምድጃው እግርጌዋ ተቀምጧል። ያቀጣጠለችው አልጋ አንጣፊዋ ድርቤ ናት። አምናለች።»

«ምኑን ነው ያመነችው?»

«ማቀጣጠሏን።»

«የእኔም ሚስት ዛሬ ጠዋት ከሰል አቀጣጥላለች። እሷንም ላስራት?»

ከቢሮው ስልኩ ሲጮህ ተሰማ፤ ከነጋ ሁለተኛው ነው። የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ከሰዓት በኋላ ለኮሌጁ በዓል ይመጣሉ። ጸሐፊያቸው አስከሬኑ እንዲነሳ፣ ሠራተኛይቱ ወህኒ እንድትወርድ፣ በዓሉም ያለ ሁከት እንዲከበር ይፈልጋል። ሻምበሉ ለድርቤ ያለው ጊዜ እስከ ምሳ ብቻ ነው። ወህኒ ከወረደች በኋላ ማን መልሶ ይጠይቅላታል?

ሟቿ ወይዘሮ የሺአረግ ከኮሌጁ የመጀመሪያ ምሩቃን አንዷ ስትሆን፣ በአዲስ አበባ የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ነበረች። ለበዓሉ የመጣችው ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ነው። አንዷ በገጠር፣ በኑኑ ቁምባ ክሊኒክ የምትሠራው ሲስተር ደራርቱ ናት። ሌላዋ ወይዘሮ በዛብሽ ኮሌጁን በዳይሬክተርነት ልትመራ የተመረጠች፣ ሹመቷም ዛሬ በገዥው አፍ የሚነገርላት ሴት ናት። በዓሉ የራሱ ወግ አለው፤ የምሩቃኑ ስም በአዳራሹ ይጠራል፣ የተጠራችውም ተነስታ «አለሁ» ትላለች።

ሻምበሉ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለ። መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነው፤ ሚስቱ «እሾህ ላይ የተወለደ» ትለዋለች። ክፍሉ ሁለት በር አለው። ከአልጋው በስተቀኝ የተሰበረው የበረንዳ በር አለ። በስተግራ ወደ መመገቢያ አዳራሹ የሚያስገባው የውስጥ በር ተቆልፏል። የሟቿ ጓደኞች ያደሩት ከአዳራሹ ማዶ ነው። አስከሬኑ እንደተኛ ሰው ተስተካክሎ፣ ከራሱ ሥር ነጭ ትራስ ተደርጎለት ተጋድሟል። የትራሱ ልብስ አፍ ወደ በረንዳው በር ዞሯል። ሻምበሉ ሁሉንም ለተረፋ አስጻፈውና አስከሬኑ ወደ ጸሎት ቤቱ እንዲወሰድ ፈቀደ።

ድርቤ በረንዳው ላይ እጇን ታስራ፣ ሕፃን ልጇን አዝላ ተቀምጣ ነበር።

«አካም ቡልቴ፣ አዴ ድርቤ?» አላት በኦሮምኛ፤ እንዴት አደርሽ ማለቱ ነው።

«ነጋ፣ ሰላም ነው ልበልዎ፣ ሻምበል? እንዲህ ሆኜ ነጋ እላለሁ?»

«ምድጃውን የት ተውሽው?»

«እዚሁ በረንዳው ላይ። የሺ ጭሱን አልወደውም አለችኝና አላስገባሁትም።» ሕፃኑ ሲነጫነጭ ወዘወዘችው። «እጄን ይዛ አለቀሰች። ‹ነገ ያንቺም ስም ይጠራል፣ እኔው ራሴ እጠራዋለሁ› አለችኝ።»

«ስምሽ ለምን ይጠራል?»

«እኔም ከነሱ ጋር ተምሬያለሁ። ሊያስመርቁን ወር ሲቀረን መጋዘኑ ተቃጠለ። የመብራት ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ፋኖሱን አጥፍቼዋለሁ ብዬ ብምል ማን ይስማኝ? ተባረርኩ። ኋላ የመኝታ ቤቶቹ ኃላፊ ማትሮኗ አዘነችልኝና አንሶላ እንዳጥብ፣ አልጋ እንዳነጥፍ መለሰችኝ። ይኸው አሥራ ስድስት ዓመቴ።»

«የየሺአረግን አልጋ ያነጠፍሽው አንቺ ነሽ?»

«ትናንት ከሰዓት።»

«በየትኛው በር ገብተሽ?»

«በበረንዳው ነዋ። የውስጡ በር ሲከፈት አይቼ አላውቅም።»

ሻምበሉ ልቡ ተነካ፤ ፊቱን ግን ወደ ዝናቡ አዞረ። ሴትዮዋ በራሷ እጅ የምታነጥፈው አልጋ ሁሉ የተነጠቀችው አልጋ ነው።

ወይዘሮ በዛብሽ ክፍሏ ውስጥ ለበዓሉ ለብሳ ጠበቀችው። አልጋዋ ሰው ያደረበት አይመስልም፤ አንሶላው ተወጥሯል፣ የትራሱም አፍ ከበሩ ተቃራኒ ወደ ግድግዳው ዞሯል። በወገቧ የኮሌጁ ቁልፎች ተንጠልጥለዋል።

«ድርቤ ክፉ ሰው አይደለችም» አለች በትካዜ። «እሳት ላይ ግን ጥንቃቄ የላትም። ይኼ የመጀመሪያዋ አይደለም።»

«መጋዘኑን ማለትዎ ነው?»

«እሱንም ነገረችዎት?»

«የሚያጽናናት ሰው ስታጣ ምን ታድርግ? ለመሆኑ የውስጡ በር ቁልፍ የት ነው?»

«ከጠፋ ቆየ ይላሉ። እኔ ቁልፎቹን የተረከብኩት ትናንት ነው።»

«ጠዋት በሩ ሲሰበር የሟቿን ክፍል አዩት?»

«አልገባሁም። አላስቻለኝም።»

የሲስተር ደራርቱ ክፍል ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ብርድ ልብሱ መሬት ወርዷል፤ ትራሱ ለሁለት ታጥፎ ወንበር ላይ ተጥሏል። ራሷ ደራርቱ ዓይኗ በልቅሶ አብጦ መስኮቱ ሥር ቆማለች።

«ጭስ አይደለም» አለች ሳትጠየቅ። «ከሰል የገደለው ሰው ገላው ይቀላል። የየሺ ፊት ጠቁሯል፤ በዓይኗ ውስጥም የደም ነጠብጣብ አይቻለሁ። ታፍና ነው የሞተችው። ለሃምሳ አለቃው ብነግረው ‹ከሰልም ያፍናል› አለኝ።»

«ትናንት እራት ላይ ምን ተወራ?»

«የሺ በመሃል ስለ መጋዘኑ ቃጠሎ አነሳች። ‹ያን ሌሊት ከድርቤ በኋላ ፋኖስ ይዛ የገባች አለች› አለች። ማን ብዬ ጠየቅኋት። ‹እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ነገ ትሰሚዋለሽ› ብላኝ ተነሳች።»

«እሷስ ለምን እስከ ዛሬ ዝም አለች?»

«እኔም ይኼንኑ ስብሰለሰል አደርኩ።»

ሻምበሉ የታጠፈውን ትራስ አነሳ። «ይኼን ማትሮናችሁ ብታየው ምን ትል ነበር?»

ደራርቱ ከነጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «እራት ትከለክለኝ ነበር። የትራስ አፍ ከምትገቢበት በር ወደ ተቃራኒው መዞር አለበት፣ ከደጅ የሚገባ ሰው የትራስ ሆድ ማየት የለበትም ትል ነበር። ለዚህ ስንቴ ተንበርክከናል! እጃችን ሳናዝዘው እስኪሠራው ድረስ አስለመደችን። እኔን እንኳ ኑኑ ቁምባ አስረሳኝ፤ ለበሽተኛ ሳር ስጎዘጉዝ ነው የኖርኩት።»

ሻምበሉ ትራሱን ወንበሩ ላይ መልሶ ወጣ።

ሁሉም በመመገቢያ አዳራሹ ተሰበሰቡ። ድርቤ እንደታሰረች ልጇን አዝላ ከግድግዳው ሥር ቆመች። ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ፤ ተረፋ ሊሄድ ሲል ሻምበሉ «ይጩህ» አለውና ወደ በዛብሽ ዞረ።

«ቁልፎቹን ያውሱኝ።»

በዛብሽ ፈትታ ሰጠችው። አንዱን ሞከረ፣ ሌላውን ሞከረ። የውስጡ በር ሲጥ ሳይል ተከፈተ።

«እኔ አላወቅሁም» አለች በዛብሽ፤ ድምፅዋ ትንሽ ሰለለ። «እየቆጠርኩ አልተረከብኩም።»

«ምንም አይደል፤ ሁላችሁም ግቡ።» አስከሬኑ ሲነሳ ትራሱ መሬት ተጥሎ ነበር። ሻምበሉ አነሳና ለበዛብሽ አቀበላት። «እንግዶች ክፍሉን እንዲህ ተዝረክርኮ ባያዩት ይሻላል። አልጋውን ያስተካክሉልኝ፣ ወይዘሮ በዛብሽ።»

በዛብሽ እፎይ ያለች መሰለች። አንሶላውን ወጠረች፣ ትራሱን በሁለት እጇ ጠፍጠፍ አድርጋ አስቀመጠችው። የትራሱ አፍ ወደ በረንዳው በር ዞረ።

«ተረፋ፣ ጠዋት ያስጻፍኩህን አንብበው።»

ተረፋ አነበበ። «የትራሱ ልብስ አፍ ወደ በረንዳው በር ዞሯል።»

ዝናቡ ጣራውን እየደበደበ ነው። ሻምበሉ መራመዱን አልተወም።

«የሺአረግ የሞተችው በጭስ አይደለም፤ ሲስተር የገላዋን መልክ አይታ ነግራናለች። ታፍና ከሞተች ምድጃውን በረንዳ ላይ ከነበረበት ያስገባ ሌላ ሰው አለ። የበረንዳውን በር ግን ከውስጥ ቀርቅሮታል። ታዲያ በየት ወጣ? በዚህ በውስጡ በር ነው። እዚህ ድረስ ተረፋም ባይቸኩል ይደርስበት ነበር፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

ተረፋ መሬት መሬት አየ።

«ያፈናት ሰው ትራሱን መልሶ ከራሷ ሥር አድርጓል። እጁም የለመደውን ሠራ፤ አፉን ከገባበት በር ወደ ተቃራኒው አዞረው። ድርቤ ብትሆን በበረንዳው ትገባ ነበርና የትራሱ አፍ ወደዚህ ወደ ውስጡ በር ይዞር ነበር። ሟቿም የምታውቀው በር የበረንዳውን ብቻ ነው። ሲስተር ደራርቱ ልማዱን ረስታዋለች፤ ገዳይ ብትሆን ደግሞ በጭስ ሞተች ሲባል ዝም ባለች። የማትሮኗን ሕግ ያልረሳ፣ ከአዳራሹ በኩል መግባት የሚችል፣ ቁልፉም በወገቡ ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው። አመል ያወጣል ከመሐል ይባል የለ?»

በዛብሽ ልትክድ አፏን ከፈተች፤ ግን ደራርቱ ትክ ብላ ታያት ነበር።

«ከድርቤ በኋላ ፋኖስ ይዤ የገባሁት እኔ ነበርኩ» አለች በመጨረሻ። «ለፈተና ላጠና። እንቅልፍ ሲያዳክመኝ ፋኖሱን ሳላጠፋ ረስቼው ወጣሁ። የሺ አይታኛለች። ይህን ሁሉ ዘመን ስንተያይ ኖርን። ትናንት ማታ አልጋዋ ድረስ ሄጄ ለመንኳት፤ ‹ሹመትሽን ከማየቴ በፊት የድርቤን ስም ልስማ› አለችኝ። ልጅ ነበርኩ እኮ፣ ደራርቱ።»

«ድርቤም ልጅ ነበረች» አለች ደራርቱ።

ተረፋ የድርቤን እጅ ፈታ። ገመዱን ለማላላት ሁለት ጊዜ ሞከረ። «ይቅር በይኝ፣ እህቴ» አላት ቀስ ብሎ። በዚያው ገመድ በዛብሽን ለማሰር አፈረ መሰል፣ ክንዷን ብቻ ይዞ ወሰዳት።

ገዥው መቅረታቸው ተነገረ፤ በዓሉም ታጠፈ። ስም መጥራቱን ግን ደራርቱ አልተወችውም። ተማሪዎቹን መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ አስቀመጠችና ከውስጡ በር ፊት ወደ ቆመችው ድርቤ መጣች።

«ነይ እንቀመጥ፣ ድርቤ።»

«ቆይ፣ የየሺን ትራስ ላስተካክልላት። እንዲህ ሆኖ ቢቀር ደስ አይለኝም።»

የውስጡ በር ፊት ለፊቷ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አንድ እርምጃ ነበር የሚቀራት። ድርቤ ግን አላለፈችበትም። ነጠላዋን በልጇ ላይ ደርባ ወደ ዝናቡ ወጣች፣ ቤቱን ዞረች፣ በተሰበረው የበረንዳ በር ገባች። ሻምበሉ ከበረንዳው ሆኖ አያት። ትራሱን አነሳች፣ አፉን ከገባችበት በር አዙራ አስቀመጠችው፣ መዳፏንም ላዩ ላይ አሳርፋ ቆየች። ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው።

ከአዳራሹ የደራርቱ ድምፅ ተሰማ። የየሺአረግን ስም ጠራች፤ ሁሉም ዝም አሉ። ቀጥላ «ድርቤ ባቻ» ስትል፣ ድርቤ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ቀና አለች።

«አለሁ።»

ቃሉ ካሰበችው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። ሕፃኑ ከጀርባዋ ነቅቶ ማልቀስ ጀመረ።