ካፖርቱን ያጠፍኩት እኔ ነኝ

ኑ ልጆቼ፣ እዚህ አጠገቤ ተቀመጡ። ሻንጣውን ለጊዜው ተዉት፣ የትም አይሄድም። ለእረፍት ልትበሩ ነው ሲሉ ሰማሁ፤ እሰየው። ከመነሳታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ብዙ አልተማርኩም፤ ያየሁትን ግን አልረሳም።

እንደ ፈረንጆቹ በ1998 ነው። ስቶን ማውንቴን በሚባለው ሰፈር፣ እኛ አፓርታማ ውስጥ፣ ሙዓዝ የሚባል የወሎ ልጅ ጎረቤቴ ነበር። የሆቴል ቫን ይነዳል፤ እንግዳ ከኤርፖርት ያመጣል፣ ይመልሳል። እኔ ሲያትል ያለው ልጄ ጋ ልሄድ ስል ያደረሰኝ እሱ ነው።

«እማማ ብዙነሽ፣ ዊልቼር ልጠይቅልዎት» አለኝ።

«እግሬ ምን ሆነና?»

«እግርዎማ ደህና ነው። የማይራመደው እንግሊዝኛዎ ነው።»

እውነቱን ነው። እኛ ቋንቋ የማናውቅ እናቶች ያኔ የምንሄደው እንደዚያ ነበር። ዊልቼር ላይ ከተቀመጥሽ የሚገፋሽ ሰው አውሮፕላኑ በር ድረስ ያደርስሻል፣ አትጠፊም።

ልትገፋኝ የመጣችው ቀጭን ልጅ ናት፣ ሻርፗን በዩኒፎርሟ ላይ አሳምራ የጠቀለለች። አየችኝ፣ ጫማዬን አየች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ በአማርኛ «እማማ፣ እግርዎ ደህና ነው አይደል?» አለችኝ።

«ደህና ነው ልጄ፣ አታጋልጪኝ።»

«አይዞዎት፣ እዚህ በር ላይ ስትደርስ እግሯን የማያማት የአበሻ እናት የለችም።»

ነዚፋ ትባላለች፣ የኮምቦልቻ ልጅ። እየገፋች ትመክረኛለች። «መድኃኒትዎን ከሻንጣው አውጥተው በእጅዎ ይያዙ። ሲነሳ ጆሮዎን ከደፈነዎት ማስቲካ ያኝኩ። ሻንጣዎ ላይ ቀይ ጨርቅ ቢያስሩበት ጥሩ ነው፤ ጥቁር ሻንጣ ሁሉ አንድ ይመስላል።» ሙዓዝ ቦርሳዬን ተሸክሞ ከኋላ ይከተላል። የሚበረው እሱ ይመስል አንድ ቃል አላመለጠውም።

ከሲያትል ስመለስ ነገሩ ገፍቶ አገኘሁት። በቀን አምስት ስድስቴ ኤርፖርት ይመላለስ የለ? በተመላለሰ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይዞላት ይሄዳል።

«ነዚፋ፣ ሰው ውሃ መጠጣት ያለበት ሳይሳፈር ነው ወይስ ከተሳፈረ በኋላ?»

«መቼ ነው የምትበረው?»

«እኔ? ትኬት የለኝም።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀህ?»

«ወላሂ፣ አንድ ቀን ቫኬሽን የሰጡኝ እንደሆነ ብዬ ነዋ!»

ትስቃለች። እሷ የዊልቼሩን እጀታ ትይዛለች፣ እሱ የቫኑን ቁልፍ ያገላብጣል። አንድ ቀን እንዲህ አለችው፤ «ዋናው በሰዓቱ መድረስ ነው ሙዓዝ። የዘገየን ሰው አውሮፕላን አይጠብቅም።»

ያለ ምክንያት አልነበረም። አባቷ ኮምቦልቻ ታመው ተኝተዋል። ጅዳ የሚነግድ የወዳጃቸው ልጅ ጠይቋታል። ስለ ሙዓዝ ሲነገራቸው ብዙ አሰቡና «የማላየውን ሰው በስልክ አልድርም። ረመዳን ሳይገባ ራሱ መጥቶ ፊቴ ይቀመጥ። ካልመጣ ቃሌ ለዚያኛው ነው» አሉ።

ሙዓዝ በአራት ዓመቱ የመጀመሪያውን ቫኬሽን ጠየቀ። ሁለት ሳምንት፣ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ። አለቃው «ከዚህ በኋላ ዓመት እስኪሞላ የለህም» አለው። ነዚፋ ካፖርቱን ወስዳ በውስጥ በኩል፣ ልቡ ላይ፣ ኪስ ሰፋችለት። «ፓስፖርትህ ከዚህ አይውጣ» አለችው።

እንግዲህ የእኛን ነገር ታውቃላችሁ። አገር ቤት የሚሄድ ሰው ተገኘ ከተባለ ማን ዝም ይላል? አንዱ የስኳር መድኃኒት፣ አንዷ የሕፃን ልብስ፣ ሌላው የቫይታሚን ጠርሙስ፤ ሁሉም «ትንሽ ነው፣ አደራህን» ይላል። እኔም ለእህቴ ቦት ጫማ ገዝቼ ነበርና ኤርፖርት ድረስ ይዤለት ሄድኩ።

«እማማ ብዙነሽ፣ ሻንጣው እኮ ሞልቷል» አለኝ።

«ልጄ፣ ጫማ ምን ክብደት አላት?»

«እሺ። እርስዎን እምቢ ብዬማ አልበርም።»

ፓስፖርቱን አሳየ፣ ተመለሰለት፣ ኪሱ ከተተው። ሻንጣው ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ሰባት ፓውንድ አለፈ። መሬት ላይ ከፈትነው። ከኋላችን ሰልፈኛው ያጉረመርማል። ጫማውን አወጣን፣ ጠርሙሶቹን አወጣን፣ ሁለት እጁ በፌስታል ሞላ። ላቡ ይንጠፈጠፋል። ካፖርቱን አውልቆ ትከሻው ላይ ጣል አደረገ።

«ይሄን ደግሞ በየት በኩል ልትይዘው ነው? ቀላል ነው፣ ሻንጣው ውስጥ ይግባ» አልኩት። ተቀብዬ አጠፍኩት። ሳጥፈው ደረቱ ላይ ጠንከር ያለ ነገር እጄን ነካኝ። የዱዓ መጽሐፉ ይሆናል አልኩ። ያን ጊዜ ሐሳቤ ጫማዬ ላይ ነበርና አልጠየቅኩም። ሻንጣው ተዘጋ፣ ሄደ።

ያኔ ነዚፋ ከሩቅ ታየችን፣ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት እየገፋች። ሥራ ላይ ናት፣ መቆም አትችልም። ሙዓዝን አየችና መዳፏን ልቧ ላይ አደረገች። እሱም መዳፉን ልቡ ላይ አደረገና ፈገግ አለ። እሷ ፓስፖርቱን መጠየቋ ነበር። እሱ ፍቅሯን የነገረችው መሰለው።

እስከ ዋሽንግተን የአገር ውስጥ በረራ ስለሆነ ፓስፖርት የጠየቀው የለም። እዚያ ወደ ውጭው አውሮፕላን ሊሳፈር ሲል ነው ኪሱን የፈለገው። ለመነ፣ አለቀሰ። ሻንጣው ወደ አዲስ አበባ ሄደ፣ እሱ ቀረ።

በማግስቱ በሬን አንኳኳ። ፊቱ አመድ መስሏል። ፌስታሉን ዘረጋልኝና «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጫማውን አላደረስኩም» አለኝ። የእኔ ጫማ በእጁ ተመልሶ መጣ፤ የእሱ ዕድል ሻንጣ ውስጥ ሄደ።

ሻንጣው የተመለሰው በአሥራ ሦስተኛው ቀን ነው። ኮምቦልቻ ሽማግሌ ተጠርቶ፣ በግ ታርዶ ነበር አሉ። በስልክ ቢያስረዱ አባትየው «የራሱን ወረቀት ያልጠበቀ ልጄን እንዴት ይጠብቃል?» አሉና ዘጉት። እረፍቱ አለቀ፣ ረመዳን ገባ።

ነዚፋ ለጅዳው ነጋዴ ለመዳር ልትሄድ ሦስት ወር ሲቀራት እኔ ጋ መጣች። «እምቢ ብል አባቴ ይሞታል። እሺ ብል ደግሞ እኔ…» አለች። እቅፍ አደረግኳት።

የሸኛት ሙዓዝ ነው፣ በዚያው ቫን። እኔም ነበርኩ። ያን ጊዜ ሸኚ እስከ መሳፈሪያው በር ይገባ ነበር። ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በመጨረሻ «ነዚፋ፣ ለሚሄድ ሰው ብዙ መክረሽኛል። ለሚቀር ሰው ምክር የለሽም?» አላት።

ቀና ብላ አየችው። «አለኝ። መስኮቱ ጋ አትቁም። እኔ እንደገባሁ ወደ ሥራህ ሂድ።»

ገባች። እሱ ግን መስኮቱ ጋ ቆመ። አውሮፕላኑ ዞሮ፣ ተንደርድሮ፣ ደመና ውስጥ እስኪጠፋ ቆመ። እኔ ከኋላው ሆኜ እጄን አየሁት፣ ያን ካፖርት ያጠፈውን እጄን።

አሁን ሙዓዝ ኬኔሶ የሚባል ከተማ ይኖራል፣ ሚስት አግብቶ ወልዷል። አንድ ቀን ጨክኜ፣ ጠንካራ ነገር ነክቶኝ እንደነበር ነገርኩት። እሱም «እማማ፣ አደራ ያዘኝ እንጂ እርስዎ አልያዙኝም» አለኝ። እኔን ለማጽናናት ነው። ጫማው እስካሁን ቁምሳጥኔ ውስጥ አለ፤ ለማንም አልሰጠሁትም።

እና ልጆቼ፣ ሻንጣችሁን ቤት መዝኑ። የሰው አደራ ሲበዛ እምቢ በሉ፤ እኔንም ቢሆን። ዋናው ነገራችሁ ከእጃችሁ አይውጣ። ከመሳፈራችሁ በፊት ቆም በሉና ደረታችሁን ዳብሱ። እጃችሁ እዚያ ሲያርፍ፣ እባካችሁ፣ እነዚያን ሁለት ልጆች አንድ አፍታ አስታውሱልኝ።