ሁለተኛው ኩባያ

«ሰውየው ራሱን ከግንቡ ጥሏል፤ ለፊርማ ያህል ብቅ ይበሉ» ነበር የስልኩ መልእክት። መርማሪዋ ግን ለፊርማ ያህል የትም ሄዳ አታውቅም። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «እትዬ ቆይ» የሚሏት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ሁሉ «በቃ» ሲል እሷ «ቆይ» ትላለች።

ወደ ኮረብታው ጫፍ የሚያወጣው መንገድ ጎን ለጎን ለሚሄዱ ሁለት ሰዎች ይበቃል። እሷ የግራውን ጠርዝ ይዛ ወጣች። ከፊት የሚመሯት የግንቡ ጠባቂ፣ «አባ ቁልፍ» የሚባሉት ሽማግሌ፣ ዞር ብለው አይዋት።

«እትዬ፣ መሃሉን ይያዙ እንጂ! ጠርዙ ያንሸራትታል። ለዛሬ አንድ ሰው ይበቃናል።»

«ለምዶብኝ ነው፣ አባባ» አለች፤ ጠርዙን ግን አልለቀቀችም።

ላይ ሲደርሱ ጣሪያ የሌለው አዳራሽ ተቀበላቸው። በድንጋዮቹ መሃል ሣር በቅሏል፤ ነፋሱ በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ይወጣል። ከፈረሰው ግድግዳ ማዶ፣ ከገደሉ ሥር፣ የጡረተኛው መሐንዲስ አስከሬን አንሶላ ለብሶ ተጋድሟል። ግድግዳው አጠገብ፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ ፔርሙስና ግማሽ ሻይ የያዘ ኩባያ ተቀምጠዋል። ከሥራቸው የሟቹ ቦርሳ አለ።

«ዛሬ ከሟች ሚስቱ ጋር የተጋቡበት ቀን ነው» አለ ወጣቱ ሳጅን። «ብቻውን መጣ፣ ሻዩን ጠጣ፣ ዘለለ። ምኑ ይመረመራል?»

«ሻዩን አልጨረሰም።»

«ሊሞት የመጣ ሰው ኩባያ ሊጨርስ ኖሯል እንዴ?»

«ቆይ» አለችና ጎንበስ አለች። ድንጋዩ ላይ የኩባያ ቂጥ የተወው እርጥብ ክብ ይታያል። አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው። ቦርሳውን ስትከፍት ሌላ ኩባያ አገኘች። ተወልውሏል። ውስጡን በጣቷ ስትነካው ጣቷ ላይ ነጭ ብናኝ ቀረ።

የሟቹ ልጅ ከወደቀ ዓምድ ላይ የአባቷን ኮት ታቅፋ ተቀምጣለች። መርማሪዋ ከጎኗ ተቀመጠች።

«በየዓመቱ በመኪና አምጥቼው ታች እጠብቀዋለሁ» አለች ልጅቷ። «ወደዚህ ብቻውን ነው የሚወጣው። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ ሌላው ይቅርብኝ። ወዶ ነው የሄደው? ትናንት እኮ ‹ነገ ስንመለስ ያንን የሚያንጠባጥብ ቧንቧሽን አይልሻለሁ› ብሎኝ ነበር። ቧንቧ ልጠግን ያለ ሰው ልጁን ጥሎ ይሄዳል?»

መርማሪዋ ለማጽናናት አልቸኮለችም። ያላወቀችውን አትናገርም።

«ስንት ኩባያ ይዞ ይወጣል?»

«ሁለት። አንዱ የእማዬ ነው። ሁለቱንም ይቀዳል። የራሱን ይጠጣል፤ የእሷ እንደተቀዳ ይቀመጣል። የራሱን ጨርሶ ሲነሣ ነው የእሷን ግድግዳው ሥር የሚያፈሰው። አንድ ዓመት አብሬው ወጥቼ፣ ጠምቶኝ ባነሣው፣ ቀስ ብሎ ከእጄ ወስዶ መለሰው። አልተቆጣም። እኔ ግን ሁለተኛ አልነካሁትም።»

አባ ቁልፍ ከኋላ ሆነው ሰምተው ኖሮ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቷን ነው። በየዓመቱ ከሩቅ አያቸዋለሁ። ሁለት ሆነው የተቀመጡ ነው የሚመስለው።»

«ይህን ለጊዜው ለማንም አትንገሩ» አለች መርማሪዋ።

የግንቡን ማማ የሚያድሰው አርክቴክት በስተጀርባ በኩል፣ ከሥራው ቦታ ጠበቃት። የሟቹ ተማሪ ነበር።

«ጋሼ ለእኔ አባት ነበሩ» አለ። «ብቸኝነት በላቸው። ‹ከእሷ በኋላ ምን ቀረኝ› ይሉኝ ነበር። መጨረሻው ይኼ እንዳይሆን ፈርቼ ነበር።»

«ዛሬ ተገናኝታችኋል?»

«ኧረ አልተገናኘንም። ጩኸቱን የሰማሁት እዚሁ ሆኜ ነው።»

«ማማው መቼ ይከፈታል?»

«በሚቀጥለው ሳምንት፤ ጋሼ ‹ማማው ደህና ነው› ብለው እንደፈረሙ… ማለቴ፣ ሊፈርሙ ነበር።»

መርማሪዋ ቀና ብላ ማማውን አየች። በአዲሱ የኖራ ልስን ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ከላይ እስከ ታች ወርዷል። አርክቴክቱ ኖራ የነጣበትን ጨርቅ ከኪሱ አውጥቶ እጁን ጠረገና መልሶ ከተተው።

ሁሉንም ጠፍጣፋው ድንጋይ ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«ዛሬ ጠዋት ሠራተኛ ከመግባቱ በፊት ወደዚህ መውጣት የሚችሉት ሦስት ሰዎች ነበሩ» አለች። «አባባ የበሩ ቁልፍ አላቸው። ልጅቷ ታች ነበረች። ማማውን የሚያድሱት እርስዎ ደግሞ የጓሮው በር ቁልፍ አለዎት። ከሦስታችሁ አንዱ ከሟቹ ጋር ነበር። ሁለት ኩባያ ተቀምጦ ነበር፤ አንዱን ሰው ወልውሎ ደብቆታል። የጠጣበት ሰው የከንፈሩን ምልክት ሳይተው አይቀርም፤ እናስመረምረዋለን።»

«አስመርምሩ!» አለ አርክቴክቱ። «እኔ እንደሆን ጠብታ አልቀመስኩላ…»

ቃሉን ዋጠው።

«‹አልነበርኩም› አላሉም፤ ‹አልቀመስኩም› አሉ» አለች መርማሪዋ በለሰለሰ ድምፅ። «ማንም አልጠጣበትም። የሚስታቸው ኩባያ ነው። እርሳቸው የእሷን የሚደፉት የራሳቸውን ጨርሰው ሲነሡ ነው። ዛሬ የራሳቸው ግማሽ ላይ ሳለ የእሷ ተደፍቶ ቦርሳ ገባ። እንግዲያው የደፉት እርሳቸው አይደሉም። ልጃቸውም አይደለችም፤ ያንን ኩባያ እንደማይነካ ታውቃለች። አባባም በየዓመቱ ሁለቱን አብረው አይተዋል፤ ሁለት ኩባያ ማየት ለእርሳቸው ምንም አይደል። ሁለተኛው ኩባያ ያጋልጠኛል ብሎ የሚፈራ ሰው፣ የማን እንደሆነ የማያውቅ ብቻ ነው። ‹አባቴ ነበሩ› ያሉኝ እርስዎ አያውቁም ነበር። የወለወሉበት ጨርቅ ኖራም ውስጡ ቀርቷል።»

ሳጅኑ አርክቴክቱ አጠገብ ቆመ። አርክቴክቱ ግን ድንጋዩን እንጂ ማንንም አላየም።

«‹ማማው አይከፈትም፤ ሰው ላይ ይወድቃል፤ አልፈርምም› አሉኝ። ለመንኳቸው። ሊሄዱ ሲነሡ ክንዳቸውን ያዝኩ፤ ሲነጥቁኝ ገፋኋቸው። ዞር ስል ያ ሻይ እንደሞላ ተቀምጧል። ለእኔ ነበር የመሰለኝ። ቀድተው የጠበቁኝ ነበር የመሰለኝ…»

«ላንተ አልነበረም» አለች ልጅቷ።

ሳጅኑ ይዞት ሲወርድ ልጅቷ ከመርማሪዋ ፊት ቆመች።

«ጥሎሽ አልሄደም፣ ልጄ» አለች መርማሪዋ። «ቧንቧሽን ሊያይልሽ ነበር።»

ልጅቷ ያን ጊዜ ነው ኮቱን ፊቷ ላይ አድርጋ ያለቀሰችው። መርማሪዋ እስኪወጣላት ድረስ ጠበቀቻት። ከዚያ ሁለቱን ኩባያዎች ለየብቻ ጠቅልላ ያዘችና ቁልቁል ጀመረች፤ እንደ ልማዷ ግራውን ጠርዝ ይዛ።

«እትዬ፣ አሁንም ጠርዙን!» አሉ አባ ቁልፍ ከላይ።

ልጅቷ ደረሰችባት። ከጎኗ ያለውን ባዶውን የመንገዱን ግማሽ አየችው፤ ቀጥሎም የመርማሪዋን ፊት። የእናቷን ኩባያ እንዳልነካችው ሁሉ አልገባችበትም። ከኋላዋ ሆና ወረደች።