ሊቁን ያወደሰው ቃል

ሽማግሌውን ተርጓሚ ጠዋት ቢሯቸው ወለል ላይ ሞተው ያገኘቻቸው ጸሐፊያቸው ነበረች። ማጅራታቸው ተፈንክቷል። ምክትላቸው «ልባቸው ደካማ ነበር፤ እንደቆሙ ወድቀው ነው» አለ። ኢንስፔክተሯ ግን የሰው ወሬ አምና የምትቀመጥ ሴት አልነበረችም። ቀና ስትል ከበሩ በላይ፣ እጅ በማይደርስበት ቦታ፣ በእንግሊዝኛ የተቀረጸ የነሐስ ሰሌዳ አየች። የሰሌዳው ዳርና ዳር አቧራ በጣት ተጠርጓል። የሟቹ መዳፍም አቧራ ነክቶታል። መሰላሉ ግን ታጥፎ ጥግ ቆሟል።

«ምንድን ነው የሚለው?»

«‹ታላቅ ሊቅ፣ ፎርሱዝ!›» አለች ጸሐፊዋ። «ጋሼ የተሸለሙ ዕለት ምክትላቸው አሠሩላቸው። ‹በእውነት› ማለት ነው ብለውናል። ትናንት ከሰዓት እንኳ ምክትሉ ለእንግዳ አንብበውለት፣ ደረታቸውን ነፍተው ነው የወጡት። እኔም አብሬ ወጣሁ፤ ጋሼ ብቻቸውን ቀሩ።»

ኢንስፔክተሯ ቃሉን ሰምታው አታውቅም። እንደገባው ሰው ራሷን ነቀነቀችና በራሷ አፈረች።

ምክትሉን ለብቻው ጠየቀችው። ከቢሮ በቀጥታ ቤቱ እንደገባ፣ ከማንም ጋር እንዳልተገናኘ ማለላት።

«ፎርሱዝ ምን ማለት ነው?»

«ድሮ ‹በእውነት› ነበር። ዛሬ ለፌዝ ካልሆነ ማንም አይለውም፤ ‹ሊቅ ብሎ ዝም!› እንደምንለው።»

አላውቅም ከማለት ሞቱን የሚመርጥ ሰው ነው፤ መልሱ ከአፉ አመለጠው። ፊቱ ወዲያው ፍም መሰለ።

ኢንስፔክተሯ የሟቹን ሴት ልጅ በስልክ አነጋግራ ስትጨርስ፣ እሷንም አስጠርታ ሁሉንም እዚያው ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«የሞተ ሰው መሰላል አያጥፍም፤ ሰሌዳም መልሶ አይሰቅልም። ስለዚህ ሌላ ሰው ነበረ። ጋሼ ትናንት አመሻሽ ላይ የድሮ ቲያትር ሲያነቡ ቃሉ መሳለቂያ መሆኑን ደረሱበት። የሽልማቱ ቀን የውጭ እንግዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ለምን እንደሳቁ ያኔ ገባቸው። ለልጃቸው ደውለው ነገሯት፤ እሷ ለማንም አላወራችም። እርስዎ ደግሞ ከሰዓት ሲኮሩበት የዋሉበትን ቃል ጠዋት ለእኔ ፌዝ ነው አሉኝ። በአንድ ሌሊት ማን አስተማረዎት?»

ምክትሉ አቀረቀረ።

«ጃንጥላ ረስቼ ተመለስኩ። ሰሌዳውን ሲያወርዱ ደረስኩ። ምክንያቱን ሲነግሩኝ አገር ሁሉ የሳቀብኝ መሰለኝ። ‹ይተዉት፣ ሰው ለምን ወረደ ይላል› ብዬ መሰላሉን ሳብኩት። ወደቁ።»

«ወዲያው ሞቱ?»

«አልሞቱም» አለ። «‹ሰው ጥራልኝ› አሉኝ። ሰው ቢመጣ በምን እንደተጣላን ሊጠይቅ ነው። ሰሌዳውን መልሼ ሰቅዬ፣ መሰላሉን አጥፌ ወጣሁ። አፈርኩ።»

ልጃቸው እስካሁን አላለቀሰችም ነበር።

«አባዬ ስልኩን ሲዘጋ ምን አለኝ መሰለህ? ‹ማንም ሳያይ አወርደውና ወድቆ ተጣመመ እላለሁ። ልጄ በሰው ፊት ማፈር የለበትም።› አንተን እኮ ነው ልጄ ያለህ።»

ምክትሉ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ኢንስፔክተሯ ካቴናውን ይዛ እጁን እስኪያወርድ ጠበቀች። አላወረደም።