ማንም ያልተሽቀዳደመበት ቅዳሜ

«ቅዳሜ ፀሐይ ነው! ሦስት ሰው እፈልጋለሁ፤ የቀደመ ይገባል።»

የአለቃዋ የክሬግ መልእክት የሠራተኞቹ የስልክ ግሩፕ ላይ ሲወጣ የታምሲን ጣት በልማድ ወደ ስልኩ ተንደረደረ። በእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ በስካርብራው ባለው የክሬግ ዓሣና ድንች ጥብስ ቤት ፈረቃ የሚያገኘው ቀድሞ የአውራ ጣት ምልክት የላከ ነው። የዘገየ ቤቱ ይቀመጣል። የአሥራ ስድስት ዓመቷን ታምሲን ደግሞ በፍጥነት የሚያህላት አልነበረም።

ዛሬ ግን ዶሪን ትዝ አለቻትና ጣቷን ሰበሰበች። ዓሣ መጥበስ ያስተማረቻት ዶሪን አንድ እሑድ ብቻ «የልጅ ልጄ ክርስትና ነው፤ አልመጣም» ብላ ነበር። በማግስቱ ክሬግ ከግሩፑ አስወጣት። አላባረራትም፤ ብቻ አይጠራትም። የሁሉም ውል «ዜሮ ሰዓት» ነው የሚለው፤ ሲፈልጋቸው ብቻ ይጠራቸዋል፤ ለዶሪንም ዜሮ ሰጣት። ታምሲን ስትጠይቀው ሳቀባት።

«ሰዓት የመስጠት ግዴታ የለብኝማ! ስትፈርሙ አታነቡም እንዴ?»

ታምሲን ተናዳለች፤ ፈርታለችም። ነገ ዜሮ የምትሆነው እሷ ብትሆንስ? ቢሆንም ለጠባሹ ለዴክላን ደወለች።

«ዴክ፣ እሱ የመስጠት ግዴታ ከሌለበት እኛስ የመምጣት ግዴታ አለብን?»

ዴክላን በሳቅ ፈነዳ። «የለብንም! አንቺ ልጅ፣ ጉድ እኮ ነሽ!»

ማንም ምልክት እንዳይልክ ለሌሎቹ እሱ ደወለላቸው።

እስከ ዓርብ ማታ ድረስ ማንም ምልክት አልላከም። «ሰዎች?» አለ ክሬግ። «ኧረ ሰዎች! ተኝታችኋል?» በመጨረሻ ለታምሲን ደወለ።

«ነገ አገሩ በሙሉ እዚህ ነው የሚወርደው! ሁላችሁም ታመማችሁ?»

«ደህና ነን። የመምጣት ግዴታ ስለሌለብን ነው።»

«ስትፈርም አታነብም እንዴ» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«ዶሪንን መልሳት። ያኔ እንመጣለን።»

«ሌላ ሰው እቀጥራለሁ!»

«እስከ ነገ ጠዋት?»

ስልኩ ጆሮዋ ላይ ተዘጋ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ግሩፑን ከፈተች።

ብዙም ሳይቆይ ግሩፑ ላይ አንድ መስመር ብቅ አለ፤ ክሬግ ዶሪንን አስገብቷል። ወዲያው የዶሪን አውራ ጣት መጣ። ቀጥሎ የዴክላን። ታምሲን የራሷን ልካ፣ እናቷ ደንግጣ እስክትመጣ ድረስ ጮኸች።

ቅዳሜ ሰልፉ እስከ ባሕሩ ዳር ደረሰ። ዶሪን ቀኑን ሙሉ እየዘፈነች ጠበሰች፤ ዴክላን «ጆሯችንን አደነቆርሽው እኮ!» እያለ ያበሽቃት ነበር።

ሲዘጉ ክሬግ ወደ ታምሲን መጣ። «ነገም እንዲሁ ነው የሚሆነው። ትመጫለሽ አይደል?»

ሰኞ የሒሳብ ፈተና ነበረባት። እስከ ትናንት ቢሆን ኖሮ እሺ ብላ ሌሊቱን ስታጠና ታድር ነበር።

«ነገ አልችልም፤ አጠናለሁ።»

ክሬግ አፉን ከፈተ። ዶሪንና ዴክላን ሥራቸውን ትተው ያዩታል።

«እ... ማክሰኞስ?»

«ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ እመጣለሁ» አለች ታምሲን፤ ሽርጧንም ፈታች።