ካርታው ላይ የሌለው ድንጋይ

"ጃጅታለች" ይሉኛል። ልጄም፣ የልጄ ሚስትም፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም።

እናንተም አናምንም የምትሉ ከሆነ ከአሁኑ እለፉት። ማንንም አልለምንም።

ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምናገረውን የምትጽፍልኝ የጎረቤቴ ልጅ ሊድያ ናት። ዓይኔ ግን ደህና ነው። ይህ በእውነት የሆነ ነው።

ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሮውሌት፣ ሐይቅ ዳር ያለች የፈረንጅ አገር ከተማ፣ ልጄ ሞላልኝ ቤት። ፀሐዩ አስፋልት ያቀልጣል። እሱም ሚስቱ ሰርካዲስም "ሥራ ሄደናል" ብለውኝ ብቻዬን ነበርኩ።

በሩ ተንኳኳ።

ሩሐማ ነበረች። የሞላልኝ ልጅ፣ የልጅ ልጄ።

የዚችን ልጅ ሥራ ለሰው ማስረዳት አድክሞኛል። ዩኒፎርም ትለብሳለች፣ ማዕረግ አላት፣ ወታደር ግን አይደለችም። ጠመንጃ የላቸውም። የመንግሥት ሳይንቲስቶች ናቸው፤ ቁጥራቸውም ትንሽ ነው። በመርከብ እየዞሩ የባሕሩን ወለል ይለካሉ፤ መርከብ የሚሰብር ድንጋይ የት እንዳለ ካርታ ላይ ያሰፍራሉ። ሰዎች "ኔቪ፣ ባሕር ኃይል ናት አይደል?" ሲሉኝ "አይደለችም! ይልቅ ልጆቻችሁን አስተምሩ!" እላለሁ።

ሳትደውል መጥታ አታውቅም። ደጁ ላይ መኪናም አላየሁም።

"ከባሕር ለመመለስ ገና አንድ ወር ይቀርሽ የለም እንዴ?"

"እማማ..." አለች። በሹክሹክታ።

ሳትስመኝ ገባች። ጫማዋንም አላወለቀችም። ሰርካዲስ ቤት ከነጫማው የገባ ሰው አላየሁም!

ሱሪዋ እስከ ጉልበቷ ርሷል... ከዚያ በላይ ደረቅ ነው።

"ምን ነክቶሽ ነው? ሐይቁ ውስጥ ገባሽ?"

"ውሃው እዚህ ደርሷል።" ጉልበቷን በእጇ ነካች።

እኔ ምን አልኩ? "ከስተሻል። ምን ያበሉሻል እዚያ? ባልስ መቼ ነው የምታገቢው?" የአሮጊት ወሬ።

"እማማ... ድንጋይ አገኘሁ።"

"እሰይ የኔ ልጅ!"

"ካርታው ላይ የለም... እሱ ላይ ቆሜያለሁ።"

የቆመችው ምንጣፋችን ላይ ነው። ቀልድ መሰለኝና ሳቅሁ።

እሷ አልሳቀችም።

ከምሳዬ እንጀራ ጠቅልዬ አጎረስኳት። አላኘከችም። በከንፈሯ ጥግ ውሃ ወረደ። በጣቴ ጠረግኩት... ቀመስኩት።

ጨው።

የእኛ ሐይቅ ጨው የለውም።

ፎጣ ላመጣ ዞርኩ። ስመለስ የለችም። እሷ ስትገባ የቆለፍኩት በር ከውስጥ እንደተቆለፈ ነው።

ማታ ልጄ ገብቶ ውሃ ሲጠጣ ነገርኩት። "ሩሐማ መጥታ ነበር።"

የያዘውን ብርጭቆ ለቀቀው። ሰርካዲስ አፏን በእጇ አፍና መታጠቢያ ቤት ገባች።

"እማዬ፣ እንቅልፍ ወስዶሽ ነው" አለኝ።

"ቁጭ ብዬ አጉርሻታለሁ!"

"እሺ በቃ... በቃ እማዬ..."

አርብ ጎህ ሲቀድ ከክፍሌ ስወጣ ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በማለዳ እንዲህ ሆኖ የመጣ ሰው ምን እንደያዘ አውቃለሁ።

መርዶ።

መሐላቸው አንድ ፈረንጅ ተቀምጧል። እንደ ሩሐማ ዓይነት ዩኒፎርም ለብሷል፤ ከመሥሪያ ቤቷ የተላከ ነው። ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጓል።

"እትዬ ወሰንየለሽ፣ ይበርቱ..." አለ ጋሽ ተስፋዬ፣ የሰፈራችን ሽማግሌ። "ሩሐማ ማክሰኞ ዕለት ከጀልባ ወድቃ..."

"ማክሰኞ?"

ጋሽ ተስፋዬ ወደ ሞላልኝ አየ።

ማክሰኞ! እነሱ ያኔውኑ አውቀዋል። ለአሮጊት በድንገት አይነገርም፣ ሰው ይሰብሰብ፣ በማለዳ ይሁን ብለው እኔን ደብቀውኛል። ወጋችን ነዋ!

ባውቅ ኖሮ ሐሙስ ዕለት ስለ ባል እጠይቃት ነበር? የት ነሽ ነበር የምላት! የትኛው ድንጋይ? በየት በኩል? ልጅቱ ልትነግረኝ መጥታ... እኔ ጉርሻ!

"ንገረው!" አልኩት ሞላልኝን። "ድንጋይ ላይ ቆማለች በለው።"

በእንግሊዝኛ ነገረው። ሰውየው ዓይኑን ሰብሮ መለሰ።

"እዚያ አካባቢ ድንጋይ የለም ይላል፣ እማዬ። በካርታው ጥልቅ ባሕር ነው።" ሰዓቱን አየ። "ፍለጋው... ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ይቆማል።"

"ካርታው ላይ የሌለውን እንድትፈልግ አይደል የላካችኋት!"

ይህን ማንም አልተረጎመልኝም።

"ያልቅሱ እትዬ፣ ይወጣልዎታል" አለኝ ጋሽ ተስፋዬ።

"አንተ አልቅስ!"

ፊታቸውን ማየት አስጠላኝና ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

መኪና ማቆሚያው ላይ... ደረቁ ሲሚንቶ ላይ... ሩሐማ ቆማለች።

በጣቶቿ ጫፍ። አገጯን ወደ ሰማይ አንጋጣ።

ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ የለም። ፀጉሯ ግን በትከሻዋ ዙሪያ ተንሳፍፎ ቀስ እያለ ይወዛወዛል... ወዲህ... ወዲያ...

አፏን ትከፍታለች። ትተነፍሳለች። ቶሎ ትዘጋለች።

"እዩዋት!" አልኩ።

ሁሉም የሚያዩት እኔን ነው።

የሰውየውን ስልክ ከጠረጴዛው አንስቼ ደረቱ ላይ ለጠፍኩት።

"ተርጉም ሞላልኝ! አንዲት ቃል እንዳታስቀር! አሁኑኑ ይደውል በለው። መርከቡን ይመልስ። አሁን! ውሃው አገጯ ጋ ደርሷል!"